ከወደቁ በኋላ ወደ ሰማይ መመለስ፤ ድፍረት ነውን ወይስ ፈጣሪን መፈታተን?

ሰው ክንፍ ሳይሰጠው ቢፈጠርም፥ ወደ ከፍታ የመውጣት ምኞት ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ያደረ ነው። እረኛው ከዋርካ ቅርንጫፍ ላይ፥ ሕፃኑ ከቤቱ መደብ ላይ ሲዘል የሚታየው ከዚሁ ምኞት የተነሣ ነው። በዘመናችን ይህ ምኞት እጅግ ርቆ ሄዶ፥ ሰዎች ከሚበር አይሮፕላን በር ላይ ወጥተው ራሳቸውን ወደ ባዶው አየር የሚጥሉበት፥ ከዚያም ፓራሹት በሚባለው የአየር ጃንጥላ ተንጠልጥለው ወደ ምድር የሚመለሱበት ስፖርት አስገኝቷል። ከ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ የዘለለ ሰው ፓራሹቱን እስኪከፍት ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል ይወድቃል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ይህ ነገር ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በትሪኒዳድ ደሴት የተወለደው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁልያን በ1930 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት በንጉሥ ተፈሪ ፊት በፓራሹት መውረዱ የታወቀ ነው። ከዚያም ወዲህ አየር ወለድ የተባሉት ወታደሮቻችን ይህንኑ ሙያ ተምረዋል። ዛሬም በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በዓረብ አገሮች የሚኖሩ ልጆቻችን ይህን ስፖርት በቅርብ የሚያዩበት ብዙ አጋጣሚ አላቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልንመረምረው ያሰብነው ግን የመዝለሉን ነገር ብቻ አይደለም። ዘልሎ የተጎዳ፥ አጥንቱ የተሰበረ ወይም ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው፥ ከብዙ ዓመት ዕረፍት በኋላ «ዳግመኛ እዘላለሁ» ብሎ ቢነሣ ቤተ ሰቡ ምን ይመልስለት? እናቱ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብላ ታዝናለች፤ ሚስቱ ስለ ልጆቿ ትጨነቃለች፤ ወዳጆቹ ደግሞ «ወንድ ልጅ ወደ ኋላ አይልም» እያሉ ያደፋፍሩታል። አንደኛው ወገን ፍርሃትን ጥበብ ብሎ ይጠራል፤ ሁለተኛው ወገን ችኮላን ጀግንነት ይላል። ይህም ጥያቄ የፓራሹተኛው ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። መኪናው ተገልብጦበት ከዳነ በኋላ እንደገና መሪ የሚጨብጠው ሾፌር፥ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ የተረፈው ግንበኛ፥ ፈረስ የጣለው ገበሬ፥ እነዚህ ሁሉ በየቤታቸው ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይቀመጣሉ።

ክርስቲያን ስለ ከፍታና ስለ መውደቅ ባሰበ ጊዜ በመጀመሪያ ትዝ የሚለው የጌታችን ፈተና ነው። ዲያብሎስ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞት፥ መላእክት ይጠብቁሃልና ራስህን ወደ ታች ጣል ብሎ መከረው። ጌታችን ግን አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ገልጦ ምክሩን ናቀው። ከዚህ የምንማረው ከከፍታ መውረድ በራሱ ኃጢአት መሆኑን አይደለም። ኃጢአቱ ሰው ማድረግ የሚገባውን ሳያደርግ፥ ለታይታም ብሎ ራሱን እየጣለ፥ ተአምርን እንደ ተቆረጠ ደመወዝ አድርጎ መጠበቁ ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው «ዘለለ ወይስ አልዘለለም?» ብለን ሳይሆን፥ «ከመዝለሉ በፊት ምን አደረገ? የሚዘለውስ ስለ ምን ነው?» ብለን መሆን ይገባዋል።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም አስተምረውናል። በትግራይ የሚገኘውን የደብረ ዳሞን ገዳም የተሳለመ ሰው፥ ወደ አምባው የሚያወጣ ደረጃ እንደሌለና 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል ላይ በተዘረጋ የጠፍር ገመድ እንደሚወጣ ያውቃል። ጻድቁ አባታችን አቡነ አረጋዊ ወደዚያ አምባ የወጡት ዘንዶ ጅራቱን አውርዶላቸው እንደ ነበር ይተረካል። ልጆቻቸው መነኮሳት ግን ዘንዶው በየቀኑ ይምጣልን ብለው አልተቀመጡም፤ ጠፍር ፈትለው ገመድ ሠሩ እንጂ። ከዚህም በላይ ለእንግዳው ሁለተኛ ገመድ ይጨምሩለታል፤ አንደኛውን በእጁ ጨብጦ ይወጣበታል፥ ሁለተኛውን በወገቡ ያስሩለትና ከላይ ያሉት ይዘው ይስቡታል። ያ የወገብ ገመድ የታሰረለትን ሰው እምነት የጎደለው ነው የሚል ከቶ የለም። ሁለተኛው ገመድ «እጄ ሊዝል ይችላል» ብሎ የማመን፥ ማለትም የትሕትና ምልክት ነው።

በፓራሹት የሚዘለውም ሰው እንዲህ ያለ ሁለተኛ ገመድ አለው። በጀርባው ላይ የሚሸከመው አንድ ሳይሆን ሁለት ፓራሹት ነው፤ አንዱ ዋና ሲሆን ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያው አንድም ቀን ሳይከፈት ቢቀር እንኳ፥ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ባለሙያ በየ180 ቀኑ ፈትቶ፥ መርምሮ፥ እንደገና ሊያጥፈው ግዴታ ነው። በ1991 ደግሞ ሄልሙት ክሎት የተባሉ ጀርመናዊ «ሳይፕረስ» የተባለውን ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረቡ። ይህ መሣሪያ የአየሩን ግፊት እየለካ፥ ዘላዩ ከምድር በላይ 225 ሜትር ገደማ ሲደርስ አሁንም በታላቅ ፍጥነት የሚወድቅ መሆኑን ካወቀ፥ መጠባበቂያውን በራሱ ይከፍተዋል። ስለዚህ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው እንኳ የሚተርፍበት መንገድ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች የሰው እጅና የሰው ልቡና ሊደክም እንደሚችል አምነው የጀመሩ ናቸው።

አሁን ከተጎዱ በኋላ ስለ ተመለሱት ሰዎች እንናገር። ከእነርሱ አንዱ የአሜሪካ 41ኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የ20 ዓመት ወጣትና የባሕር ኃይል አብራሪ ነበሩ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1944 በጃፓን ደሴቶች በአንዷ፥ ቺቺ ጂማ በምትባለው፥ የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ ለመደብደብ ሲበሩ አይሮፕላናቸው በፀረ አይሮፕላን መድፍ ተመታ። አይሮፕላኑ እየጨሰና እየነደደ ቦምቡን ከጣሉ በኋላ ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ አብረዋቸው የነበሩት ሁለት ባልደረቦቻቸውም እንዲዘሉ አዘዙና ራሳቸውም ዘለሉ። ነገር ግን የፓራሹቱን መክፈቻ ከሚገባው ጊዜ ቀድመው ሳቡት። ራሳቸው ከአይሮፕላኑ ጅራት ጋር ተጋጭቶ ቆሰለ፤ ፓራሹቱም ጅራቱን ነክቶ ተቀደደ። እንደዚያ ሆነው በፍጥነት ወርደው ባሕር ላይ ወደቁ።

በአየር በተነፋች የጎማ ጀልባ ላይ ወጥተው፥ ደማቸው እየፈሰሰ፥ ወደ ጠላት ደሴት የሚገፋቸውን ማዕበል በእጃቸው እየቀዘፉ ለአራት ሰዓታት ያህል ከቆዩ በኋላ፥ ፊንባክ የተባለች ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ደርሳ አወጣቻቸው። ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ግን አልተረፉም። ቡሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ «እኔ ለምን ተረፍሁ?» የሚለው ጥያቄ ከልባቸው እንዳልጠፋ ብዙ ጊዜ ተናግረዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። የዳነ ሰው የዳነው ከሞቱት ስለሚሻል አይደለም። ሁለቱም ወጣቶች እናት ነበረቻቸው፤ ሁለቱም ያን ቀን በዚያው አይሮፕላን ላይ ነበሩ። ስለዚህ መትረፍ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ሽልማት የሚቆጠር አይደለም። ከአደጋ የተረፈ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «መቼ እመለሳለሁ?» የሚለው ሳይሆን፥ «የተጨመረልኝን ዕድሜ በምን አውለዋለሁ?» የሚለው ነው።

ቡሽ ይህን ዕድሜ በትምህርት፥ በሥራ፥ ልጆች በማሳደግና በመንግሥት አገልግሎት አሳለፉት። ከ52 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ፕሬዚዳንትነታቸውም ካበቃ በኋላ፥ በ72 ዓመት ዕድሜያቸው ያን የተበላሸ ዝላይ በትክክል ሊፈጽሙት ፈለጉ። ይህን ያህል ትልቅ ሰው ሲሆኑ እንኳ «እኔ ከዚህ በፊት ዘልዬአለሁ» ብለው አልተነሡም። «ወርቃማ ባላባቶች» የሚል ትርጉም ያለው ስም በተሰጠው የአሜሪካ ጦር የፓራሹት ቡድን ፊት እንደ ማንኛውም ጀማሪ ቀርበው ተማሩ። ማርች 25 ቀን 1997 በአሪዞና፥ በዩማ አጠገብ ባለው በረሃ ላይ፥ ከ3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ዘለሉ፤ አስተማሪዎችም በአየር ላይ አብረዋቸው ይወርዱ ነበር። በ1944 ቸኩለው የሳቡትን መክፈቻ በ1997 በተነገራቸው ጊዜ ሳቡት፤ በደኅናም ምድር ረገጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን ዕድሜያቸው ሳይሆን፥ ሁለተኛው ዝላይ ስሕተቱ የት እንደ ነበር በሚገባ በሚያውቅ ሰው የተፈጸመ መሆኑ ነው።

ይህንኑ ነገር ከሌላ ሰው ሕይወት የበለጠ ግልጥ አድርገን ልናየው እንችላለን። የአሜሪካ አየር ኃይል ካፒቴን የነበሩት ጆሴፍ ኪቲንገር በ1959 እና በ1960 ከታላቅ ከፍታ መውረድ የሚቻልበትን መንገድ እንዲፈትኑ ተመድበው ነበር፤ የሚወጡትም በጋዝ በተሞላ ታላቅ ባሉን በሚሳብ ክፍት ቅርጫት ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1959 ከ23,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዘለሉ። ነገር ግን አካላቸው እንዳይሽከረከር የምታደርገው ትንሿ ማረጋጊያ ፓራሹት ያለ ጊዜዋ ወጥታ ገመዷ በአንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። አካላቸውም በአየር ላይ በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል እየተሽከረከረ ወደቀ፤ ራሳቸውንም ሳቱ። ያዳናቸው በራሱ የሚከፈተው ፓራሹት ነበር፤ በደብረ ዳሞ ምሳሌ ብንናገር የወገባቸው ገመድ ማለት ነው።

ኪቲንገር ከ25 ቀን በኋላ፥ ዲሴምበር 11 ቀን 1959፥ ከ22,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዳግመኛ ዘለሉ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «እንዴት ያለ ደፋር ነው!» ይል ይሆናል። እኛ ግን በእነዚያ 25 ቀናት ውስጥ የተሠራውን ሥራ እንመለከታለን። የማረጋጊያዋ መክፈቻ ሰዓት ኪቲንገር ገና ከመቀመጫቸው ሳይነሡ መቁጠር እንደ ጀመረ፥ አደጋውም ከዚያ እንደ መጣ ታወቀ፤ የታወቀውም ታረመ። ሁለተኛው ዝላይ መልካም ሆነ፤ ኦገስት 16 ቀን 1960 ደግሞ ከ31,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ዘልለው፥ 4 ደቂቃ ከ36 ሰኮንድ ያህል ከወደቁ በኋላ በደኅና አረፉ። ሆኖም በዚያ ሦስተኛ ጕዞ ላይ ሲወጡ የቀኝ እጃቸው ጓንት ግፊት መያዝ አቅቶት እጃቸው እጅግ ሲያብጥ፥ ሥራው እንዳይቋረጥባቸው ሲሉ በምድር ላሉት ረዳቶቻቸው ወዲያው አልተናገሩም። ታሪኩን ስንተርክ ይህንንም እንተርካለን፤ ነገር ግን ሕመምን መደበቅ ለልጆቻችን በአርኣያነት የሚቀርብ አይደለም። ኪቲንገር ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ84 ዓመታቸው፥ ኦክቶበር 14 ቀን 2012 የኦስትሪያው ተወላጅ ፌሊክስ ባውምጋርትነር ከ38,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ሲዘል በምድር ላይ ሆነው በሬዲዮ ይመሩት ነበር። የተረፈ ሰው ዕውቀቱን ለሚከተለው ሲያስተላልፍ፥ የመትረፍ ዕዳ ከሚከፈልበት መንገድ አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ በዛሬው ስፖርት የተጎዳ ሰው የሚመለስበት ሥርዓት ምን እንደሚመስል ጥቂት እናብራራ። በቅኔ ቤት የነበረ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ከጉባኤው ለዓመታት የተለየ ተማሪ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፥ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደ ዘለቀ ቢታወቅም፥ ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጦ ቀለሙን ይከልሳል እንጂ ወዲያው በመምህሩ ወንበር ላይ አይወጣም። በፓራሹቱም ቤት እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈቃድ ያገኘ ሰው 60 ቀን ሳይዘል ከቆየ እንኳ፥ ለብቻው ከመዝለሉ በፊት በአስተማሪ ፊት ክለሳ ማድረግ አለበት። ለዓመታት የቆየ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ክለሳ ያስፈልገዋል።

ክለሳውም በመጀመሪያ በምድር ላይ ነው። ተማሪው መታጠቂያውን ታጥቆ ከጣራ ላይ ይንጠለጠላል፤ አስተማሪው «ዋናው ፓራሹት ተጠላለፈ!» ሲለው፥ በቀኝ እጁ የተበላሸውን የሚያስለቅቀውን መያዣ፥ በግራ እጁ መጠባበቂያውን የሚከፍተውን መያዣ እየለየ ይስባል። ይህን አንድ ጊዜ ሳይሆን እጁ ያለ ልቡና እርዳታ እስኪያውቀው ድረስ ይደጋግመዋል። ምክንያቱም ጀማሪ የሆነ ዘላይ ከምድር 760 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳይደርስ ይህን ውሳኔ ፈጽሞ መጨረስ ይገባዋል፤ በዚያ ሰዓት ለማሰብ ጊዜ የለም። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነፋስ የሚነፍስበት ታላቅ ቱቦ አለ፤ ተማሪው በዚያ ውስጥ ከአይሮፕላን ሳይወጣ አካሉን በአየር ላይ ማስተካከልን ይለማመዳል።

ቀጥሎ የአካል ነገር አለ። በዚህ ስፖርት ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ቁርጭምጭሚት፥ እግርና የጀርባ አጥንት ነው። የሚገርመውም፥ ብዙ ሰዎች የሚጎዱት ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ ሳይሆን፥ በሚገባ በተከፈተ ፓራሹት ሥር ሆነው ወደ ምድር ሲቀርቡ በድንገት በመታጠፋቸው ነው። ትንሽ ፓራሹት ፈጣን ነው፤ ትልቅ ፓራሹት ዝግተኛ ነው፥ ስሕተትንም ይታገሣል። ስለዚህ ከጉዳት የሚመለስ አስተዋይ ሰው ቀድሞ በጕብዝናው ይመካበት የነበረውን ትንሹን ትቶ ትልቁን ይይዛል። አወዳደቅንም እንደገና ይማራል፤ እግሮቹንና ጉልበቶቹን አንድ ላይ አድርጎ፥ በመጀመሪያ በእግሩ መዳፍ፥ ከዚያ በባቱ ጎን፥ በጭኑ፥ በዳሌው፥ በመጨረሻም በጀርባው ጎን እየተንከባለለ ያርፋል፤ ምቱ በአንድ አጥንት ላይ እንዳያርፍ ለአምስት ይከፈላል። አጥንት ገጥሟል ማለት ደግሞ ሰውየው ድኗል ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ሳምንታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ እግር ሚዛኑን ይረሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ፈቃድ ሳይሰጥ መመለስ በገዛ እጅ ገመድን እንደ መቁረጥ ነው።

ከአካል ይልቅ የሚዘገየው የልብ መዳን ነው። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። በአየር ላይ አደጋ ያየ ሰውም የአይሮፕላኑን በር ድምፅ ሲሰማ ልቡ ቢመታ፥ እጁ ቢንቀጠቀጥ፥ ነውር አይደለም። ነውሩ ያን ፍርሃት ደብቆ «ምንም አልሆንሁም» ማለት ነው። ፍርሃቱን ለአስተማሪው የተናገረ ሰው ይረዱታል፤ አስቀድሞ ከአስተማሪው ጋር በአንድ ፓራሹት ታስሮ ይዘልላል፥ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ለብቻው ይለቀቃል። ፍርሃቱን የደበቀ ግን ለብቻው ይቀራል። በንስሐ አባቱ ፊት ቁስሉን የማይገልጥ ሰው መድኃኒት እንደማያገኝ ሁሉ፥ ይህም እንደዚያው ነው።

ስለ ቡሽ የጀመርነውን ታሪክ እዚህ ላይ እንፈጽመው። በ1997 ከዘለሉ በኋላ በ1999፥ በ2004፥ በ2007፥ በ2009 እና በ2014 ደግመው ዘልለዋል። በ2004፥ ለ80ኛ ዓመታቸው መታሰቢያ ለብቻቸው ሊዘሉ አስበው ሳለ፥ የአየሩ ጠባይ ስላልተመቸ ከአስተማሪ ጋር ታስረው እንዲዘሉ በተነገራቸው ጊዜ እሺ አሉ። በ2009 በሜይን ግዛት፥ በኬኔበንክፖርት ሲዘሉ ያረፉት የእምነታቸው ወገኖች በሚጸልዩባት፥ በቅድስት ሐና ስም በተሰየመችው ቤተ ክርስቲያን ሜዳ ላይ ነበር። ባለቤታቸው ባርባራ ቡሽ ስፍራው የተመረጠበትን ምክንያት ሲቀልዱ፥ ነገሩ ባይሳካ ለቀብሩ በቀጥታ ወደ ውስጥ ለማስገባት ይመቻል እንዳሉ ተነግሯል። ከቀልዱ በስተ ኋላ ያለውን የሚስት ጭንቀት ግን ባለ ትዳር የሆነ ሁሉ ይሰማዋል። በ2014፥ በ90ኛው ልደታቸው፥ እግራቸው መራመድ ተስኖት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ያን ጊዜም ከሌላ ሰው ደረት ጋር ታስረው ከሄሊኮፕተር ወርደው በዚያው ሜዳ ላይ አረፉ። በ1944 አይሮፕላኑን የሚያዝዙት እርሳቸው ነበሩ፤ በ2014 ግን እንደ ሕፃን ታዝለው ወረዱ። ወደ ቀድሞ ነገሩ የሚመለስ ሰው እንደ ቀድሞው ሆኖ እንደማይመለስ ማወቅ፥ በእውነት የተመለሰ ሰው ምልክት ነው። ኖቬምበር 30 ቀን 2018 በ94 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ ቤታችን ጥያቄ እንመለስ። ከጉዳት የዳነ ልጅ፥ ባል ወይም እኅት «እመለሳለሁ» ባለ ጊዜ፥ ቤተ ሰቡ ከመጮህና ከማልቀስ በፊት፥ ወይም ከማጨብጨብ በፊት፥ ሦስት ነገር በእርጋታ ይጠይቀው እንላለን። አንደኛ፥ የወደቅህበትን ምክንያት አውቀኸዋልን? አውቀህስ አርመኸዋልን? «ዕድል ነው» ወይም «ሰይጣን ነው» ብሎ ብቻ የሚመልስ ሰው ገና አልተዘጋጀም፤ ኪቲንገር የተመለሱት የሰዓቱ ነገር ከታወቀ በኋላ ነውና። ሁለተኛ፥ እንደገና ተማሪ ለመሆን ፈቅደሃልን? ትልቁን ፓራሹት ለመያዝ፥ ከአንተ በዕድሜ የሚያንስ አስተማሪ «ዛሬ አትዘልም» ቢልህ እሺ ብለህ ለመመለስ ልብህ ይችላልን? ሦስተኛ፥ ብትወድቅ ከአንተ ጋር የሚወድቁት እነማን ናቸው? እነርሱስ ያውቃሉን? የዕለት እንጀራ ከአባቱ እጅ የሚጠብቅ ልጅ፥ ጧሪ የሌላት እናት፥ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ሰው ይህን ሳይመረምር ከበሩ ቢወጣ፥ የሚዘለው ብቻውን አይደለም፤ ቤቱን ሁሉ አዝሎ ነው እንጂ።

ይህን ጥያቄ የመመለሱ ሥራ የተጎጂው ብቻ አይደለም፤ ጠያቂዎቹም በቅንነት ሊሰሙት ይገባል። እናት በፍቅር ተገዝታ ልጇን ዕድሜውን ሙሉ በአልጋ ላይ ልታስቀምጠው ብትሞክር፥ አጥንቱ ቢድንም ልቡ ይሰበራል። ከልጁ ጋር የተነጋገረች፥ የመሣሪያውን ምርመራ ቀን የምታውቅ፥ የሐኪሙን ወረቀት ያየች እናት ግን ስትጸልይ ምን ብላ እንደምትጸልይ ታውቃለች። ጭንቀቷ ባይጠፋም፥ ጸሎትና ዝግጅት ሁለቱ ገመዶች ሆነው ይይዙታል። የንስሐ አባትም በዚህ ምክክር ውስጥ ቢገኙ መልካም ነው፤ እርሳቸው ስለ ፓራሹት ባያውቁ እንኳ ስለ ውዳሴ ከንቱ ያውቃሉና፥ የሚመለሰው ሰው ስለ ምን እንደሚመለስ ሊመረምሩት ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንጨምር አናልፍም። ሦስቱን ጥያቄዎች በቅንነት መርምሮ «አልመለስም» ያለ ሰው ፈሪ ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም። ከአምባው ሥር ሆኖ የሚሳለምም ተሳላሚ ነው። አካሉ ያልፈቀደለት፥ ወይም የልጆቹ ቁጥር ያልፈቀደለት ሰው፥ ፓራሹቱን ሰቅሎ ለሚከተሉት ማስተማር ቢጀምር፥ ምናልባት ከመዝለል የበለጠ ሥራ ይሠራል። መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው ትርፍ ዕድሜን በከንቱ አለማጥፋት ነው።

እንግዲህ በርእሳችን የጠየቅነውን በአጭር ቃል እንመልስ። ምክንያቱን ሳያውቅ፥ ሳይማር፥ ቤተ ሰቡን ደብቆ፥ ለሰው ዐይን ብሎ የሚመለስ ሰው በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ የቆመ ነው፤ መላእክት ይያዙኝ ብሎ ፈጣሪውን ይፈታተናል። ምክንያቱን መርምሮ፥ እንደ ሕፃን ተምሮ፥ የቤቱን ሰዎች አማክሮ፥ ሁለተኛውን ገመድ በወገቡ አስሮ የሚመለስ ግን በደብረ ዳሞ ገደል ሥር እንደ ቆመ ተሳላሚ ነው፤ በእጁ ይጨብጣል፥ በልቡም ከላይ ያለውን ያምናል። የተሰበረውን የሚጠግን፥ የወደቀውንም የሚያነሣ አምላካችን እግዚአብሔር፥ ከየአደጋው የተረፉትን ልጆቻችንን በጥበብ እንዲመልሳቸው፥ ተመልሰው ላልመጡት ደግሞ ዕረፍትን እንዲሰጣቸው ቸርነቱ ይሁንልን፤ አሜን።